«እሷ ነፃ ከሆነች እኔን ምን ያስመረምረኛል?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከሴት ጓደኛዬ ጋር ዓመት ከስምንት ወር ሆኖናል። ባለፈው ወር ሳትነግረኝ ኤች አይ ቪ ተመርምራ መጣች። ነፃ ናት። «አሁን ያንተ ተራ ነው» አለችኝ። እሷ ነፃ ከሆነች እኔም ነፃ ነኝ ማለት አይደል? ከእሷ በፊት የነበረችኝም አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ያማረባት፣ ጤነኛ ልጅ። «አላመንሽኝም ማለት ነው» ብያት ተኮራርፈናል። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር አለ። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሴትዮ የእናቴ ዕቁብተኛ ናት። በር ላይ ካየችኝ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ይገባል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። እንደኔ ግምት አንተን የያዘችህ የእናትህ ዕቁብተኛ ናት፤ ሌላው ሰበብ ነው።

ምክር ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የ20 ዓመት ልጅ መቼም አይረሳኝም። አራት ቀን መጥቶ አራቱንም ቀን ደም ግፊቱን ተለክቶ ሄደ። ግፊቱ ከኔ የተሻለ ነው! በአምስተኛው ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲስተር፣ ያኛውንም አብሮ ማየት ይቻላል?» አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ቀን የሚመላለሰው ኮሪደሩ ላይ የሚያውቀው ሰው እየገጠመው ነው።

ስለዚህ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂድ። የግድ የሰፈርህ መሆን የለበትም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራው በነፃ ነው። እሱም ካስፈራህ በራስ የሚደረግ መመርመሪያ አለ። ድድህን ጠረግ ታደርግበትና ውጤቱን ከ20 ደቂቃ በኋላ ታነባለህ። ሁለት መስመር ካሳየህ ግን ጤና ተቋም ሄደህ በደም ማረጋገጥ አለብህ።

አሁን ወደ እሷ ወረቀት። ያ ወረቀት የሚናገረው ስለ እሷ ብቻ ነው። ቫይረሱ በእያንዳንዱ ግንኙነት አይተላለፍም። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት፣ ልጅ ወልደው ዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እፊቴ ተቀምጠው ያውቃሉ። «እሱ ተመርምሯል፣ ይበቃል» ስትል የኖረችው ሚስት ነበረች ቫይረሱ የተገኘባት። ስለ ያማረባት ልጅ ደግሞ፣ ቁንጅና መመርመሪያ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። ሰው ምንም ሳያመው ቫይረሱን ለዓመታት ይዞ ይኖራል።

ከድሮዋ ልጅ ጋር ከተለያያችሁ ቆይቷል፤ ለእሱ አንድ ምርመራ ይበቃሃል። በቅርቡ ሌላ ነገር ካለ ግን ከ3 ወር በኋላ መድገም አለብህ። (ይሄን ለኔ አትመልስልኝ።)

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። እኛ በ1990ዎቹ ወጣት የነበርነው ከቀብር ቀብር ስንዞር ነው ያደግነው። ነፃ መድኃኒት የተጀመረው በ1997 ነው። እናንተ ያን አላያችሁም፣ ተመስገን። ባለማየታችሁ ግን «የድሮ በሽታ» አደረጋችሁት። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም። እኔ የማውቀው ፍርሃት ሞትን ነበር፤ የእናንተ ካርድ ክፍልን ሆኗል።

ዛሬ ቫይረሱ ቢገኝብህ እንኳ በቀን አንድ ክኒን ነው። በአግባቡ የወሰደና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። ያውም ከአንድ መመርመሪያ ተነስቶ «አለብህ» የሚልህ የለም፤ በሌላ መመርመሪያ ይረጋገጣል።

«አላመነችኝም» ላልከው፣ ልጅቷ እኮ መጀመሪያ የራሷን ጣት አስወግታ ነው የመጣችው። ደውልላትና አብራችሁ ሂዱ። ለጥንዶች አንድ ላይ ምክር ይሰጣል፤ ኩርፊያውንም እዚያው ወንበር ላይ ትጨርሱታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ግን አትሂዱ፣ ሰልፉ አይቻልም።