የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መቀርቀሪያው ከመለወጡ በፊት የበሩ ጎማ ይታይ

ጥያቄ፦ ማደሪያ ያለው የጉዞ መኪናዬ፣ ካምፐር የምንለው፣ በጎኑ አምስት የዕቃ ማስቀመጫ በሮች አሉት። ሁሉም በሩብ ዙር በሚዘጋ ትንሽ ቁልፍ የሚሠሩ ናቸው። ጠጠር መንገድ ላይ በሄድኩ ቁጥር ውስጡ አቧራ ይሞላል፤ ሲዘንብ ደግሞ ከታች ይረጥባል። ሁለቱ ዝገው አልዞር ብለዋል። አምስቱንም በሩን ወደ ውስጥ ስበው በሚያጠብቁ መቀርቀሪያዎች ልለውጥ አስቤያለሁ። ምን ምን ለክቼ ልግዛ?

መልስ፦ አልዞር ያሉት ሁለቱ መለወጣቸው አይቀርም። የአቧራውና የውሃው ጥፋት ግን ምናልባት የመቀርቀሪያው ላይሆን ይችላል። መቀርቀሪያ በሩን ከመያዝ ሌላ በበሩ ዙሪያ ያለውን፣ አቧራና ውሃ የሚያስቀረውን ጎማ የመጫን ሥራ አለበት፤ ጎማው ከሞተ ምርጡ መቀርቀሪያም የሚጭነው ነገር አያገኝም። በሩን ከፍተው ጎማውን በጣትዎ ይጫኑት። ሲለቁት ቶሎ ካልተነሣ፣ ወይም ክፈፉ ያረፈበት ቦታ እንደ ቦይ ተሰርጉዶ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚገዛው ጎማ ነው።

ቀጥሎ ማጠፊያው ይታይ። በሩን ገርበብ አድርገው በነጻው ጫፍ በኩል ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። ከተንቀጠቀጠ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል ወይም ብሎኖቹ ላልተዋል። የወረደ በር የመቀርቀሪያውን ምላስ፣ ማለትም ከክፈፉ ጀርባ ገብቶ በሩን የሚይዘውን ብረት፣ ከክፈፉ ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል፤ አዲሱንም በጥቂት ጊዜ ያበላሸዋል።

አሁን ክፍተቱን ይለኩ። ፕላስቲሲን (ልጆች የሚጫወቱበት ለስላሳ ጭቃ) በቀጭን ላስቲክ ጠቅልለው በአራቱ ማዕዘንና በመሃል፣ ከጎማው አጠገብ ክፈፉ ላይ ይለጥፉ። በሩን ከመኪናው ግድግዳ ጋር እስኪስተካከል በእጅ ይግፉት፤ ከዚያ ከፍተው የተጨፈለቀውን ውፍረት ይለኩ። ውስጡ ባዶ የሆነ ጎማ በደንብ የሚዘጋው ከቁመቱ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ሲጨፈለቅ ነው። ፕላስቲሲኑ 10 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 14 ወይም 15 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ጎማ ይስማማል። 20 ሚሊሜትር ካስገቡ በሩ በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ፀሐይና ዝናብ ይችላል፤ ተራ ስፖንጅ ግን አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። የጎማው ሁለት ጫፎች የሚገናኙት ከበሩ በታች በኩል ይሁን። ከላይ ካደረጉት ውሃው የሚገባው በዚያው ነው።

ወደ መቀርቀሪያው ስንመጣ፣ ሦስት ልኬት ይያዙ። አንደኛው መቀርቀሪያው የሚገባበት የበሩ ውፍረት ነው። ሁለተኛው ከበሩ ውጫዊ ገጽ ጀምሮ ምላሱ እስከሚይዝበት የክፈፉ ጀርባ ያለው ጥልቀት ነው። ይህ በሩ ጎማውን ጨፍልቆ በትክክለኛ ቦታው ሳለ የሚለካ ነው፤ በዚህ ልኬት ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሦስተኛው ከቀዳዳው መሃል እስከ ክፈፉ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ምላሱ ክፈፉን አልፎ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ካልያዘ፣ በሩ በንዝረት ሊከፈት ይችላል።

በካምፐር ላይ የተለመዱት ትንንሽ ቁልፎች የአካላቸው ርዝመት 16፣ 22፣ 29 ወይም 35 ሚሊሜትር ያህል ነው። 22 የተባለው ግን 22 ሚሊሜትር ለሚወፍር በር አይሆንም፤ ዳዶው የሚታሰርበት ጥርስ መትረፍ አለበት። ጥልቀቱ በጥቂት ሚሊሜትር ከተለየ የተጎነበሰ ምላስ ይፈልጉ። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አዙረው ሲያስሩት ልዩነቱን ይሞላል።

ስቦ የሚያጠብቀው ዓይነት ለእርስዎ ተስማሚ ነው። እጀታው ሲዞር መጀመሪያ ምላሱን ከክፈፉ ጀርባ ያስገባል፤ ሲቀጥሉ ምላሱን ወደ ራሱ ይስባል። ብዙዎቹ የሚስቡት 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከዚያ የሰፋ ክፍተት ይዘጋልኛል ብለው አይጠብቁ። እጀታው ከቁልፉ የተለየ ይሁን። ጎማ የሚጨፈልቅ ጉልበት በቁልፍ ከተሰጠ ቁልፉ አንድ ቀን መቀርቀሪያው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ገፍተው ሲዘጉት ራሱ የሚይዘው ዓይነት ለአጠቃቀም ይቀላል፤ ግን ሰፊ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይጠይቃል፤ ጎማውንም የሚጭኑለት በእጅዎ ገፍተው ነው።

ከ60 ሴንቲሜትር ለሚረዝም በር አንድ መቀርቀሪያ መሃል ላይ አይበቃም። ጎማው በሩን በርዝመቱ ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ መሃሉ ሲያዝ ጫፎቹ ይነፋሉ። አቧራውም የሚገባው በነዚያ ማዕዘኖች ነው፤ መኪናው ሲሮጥ በጎኑና በኋላው የሚፈጠረው የአየር ግፊት ልዩነት አቧራውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሁለት መቀርቀሪያ፣ እያንዳንዱ ከጫፉ የበሩን ርዝመት ሩብ ያህል ገባ ብሎ፣ ይህን ያስተካክላል።

ሲገጥሙ፣ የቀዳዳውን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው መሃሉን ምልክት ያድርጉ። በ3 ሚሊሜትር ፑንታ መንገድ ያስይዙ፤ ከዚያ ደረጃ ባለው ፑንታ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ትራፓኖውን በዝግታ እያዞሩ ያስፉ። ከኋላ እንጨት ይደግፉ፤ አለዚያ ላሜራው ይቀደዳል፣ ፋይበሩም ይሰነጠቃል። የበሩ መሃል እንጨት ከሆነ የተቆረጠውን ጠርዝ በኢፖክሲ ወይም በቫርኒሽ ይቀቡት፤ ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጎኑ ነው። መሃሉ ፎም ከሆነ ዳዶው ሲጠብቅ በሩ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ከውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚወፍር፣ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ላሜራ ከዳዶው ሥር ያስገቡ።

ከመቀርቀሪያው ከንፈር ሥር አብሮት የሚመጣውን ጎማ ወይም የቡቲል ቴፕ (ለስላሳ ተጣባቂ የጎማ ቴፕ) ይጠቀሙ። በሲሊኮን አይለጥፉት፤ ወደፊት ሲነቀል ቀለም ይዞ ይወጣል፣ ቅሪቱም ላይ ቀለም አይይዝም። ዳዶውን በእጅ ካጠበቁ በኋላ በመፍቻ ሩብ ዙር ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ፋይበሩን ይሰነጥቃል። የምላሱ ብሎን ጥርስ ላይ አንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ያድርጉ። መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚፈታው ይህ ብሎን ነው። ጠብታው ወደ ቁልፉ ሲሊንደር እንዳይወርድ ግን ይጠንቀቁ።

ምላሱ የሚያርፍበት ክፈፍ እንጨት ወይም ስስ አሉሚኒየም ከሆነ፣ አንድ ሚሊሜትር የሚወፍር የማይዝግ ብረት ቁራጭ ይደርቡበት። የማይዝግ ብረት ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር በእርጥበት ሲገናኝ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ የናይለን ሮንዴላ ወይም ቡቲል በመካከላቸው ይኑር። ዝገዋል ያሏቸው ሁለቱም ብረት ላይሆኑ ይችላሉ። አብዛኞቹ ርካሽ ቁልፎች ክሮም የተቀባ የዚንክ ቅይጥ ናቸው፤ ሲበላሹ ቀይ ዝገት ሳይሆን ነጭ ዱቄት ያወጣሉ። ምላሱ ግን የሚዝግ ብረት ሊሆን ይችላል።

ሲጨርሱ፣ በየ15 ሴንቲሜትሩ ቀጭን ወረቀት አስገብተው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። በሁሉም ቦታ እኩል መያዝ አለበት። በነፃ የሚወጣበት ቦታ ካለ፣ ከክፈፉ ላይ ከደረቡት ብረት ሥር ቀጭን ላሜራ ያስገቡ ወይም ምላሱን ያስተካክሉ። ሁሉም ቦታ አልወጣ ካለ ደግሞ አብዝተዋል፤ ጎማው ቶሎ ይሞታል።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ የካምፐር ቁልፍ የእኔን የዕቃ ማስቀመጫ ከፈተው። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው?

መልስ፦ የተለመደ ነገር ነው። ቁልፍዎ ላይ «ሲኤች 751» የሚል ተቀርጾ እንደሆነ ይዩ። ይህ አንድ ቁልፍ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ለወጡ እጅግ ብዙ ካምፐሮች የሚያገለግል ነው፤ ማንም ሊገዛው ይችላል። መፍትሔው በሌላ ቁጥር የተሠሩ፣ ግን እርስ በርሳቸው አንድ ቁልፍ ያላቸው መቀርቀሪያዎችን በአንድ ጊዜ ማዘዝ ነው። አንድ በአንድ ከገዙ አምስት በር አምስት ቁልፍ ይሆንብዎታል። ክብ ቁልፍ ያለው ሲሊንደር ያለ ቁልፉ ለመክፈት ከጠፍጣፋው ይከብዳል። በሩ ግን ስስ ላሜራ ከሆነ በመፈልቀቂያ ይታጠፋል፤ ውድ ዕቃ በዚያ ተማምነው አያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ቀዳዳውን በ19 ሚሊሜትር ፑንታ ክብ አድርጌ በሳሁት። አሁን ቁልፉን ሳዞር መቀርቀሪያው አብሮ ይዞራል።

መልስ፦ የመቀርቀሪያው አካል ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ቀዳዳውም በአንድ በኩል 19፣ በሌላው 16 ሚሊሜትር ያህል መሆን ነበረበት፤ እንዳይዞር የሚይዘው ያ ጠፍጣፋ ጎን ነው። በሩን መለወጥ የለብዎትም። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር የሚወፍር ላሜራ ላይ በ16 ሚሊሜትር ይብሱና ሁለት ትይዩ ጎኑን ሳይነኩ የቀረውን በሞረድ እያሰፉ በመቀርቀሪያው ይለኩት። ይህን ላሜራ ከበሩ ውስጥ በሁለት ሪቬት ያስሩትና መቀርቀሪያውን በእሱ ውስጥ ያሳልፉ። ዳዶውን አብዝቶ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ለጊዜው ይይዛል፣ ከዚያ ይፈታል።

ጥያቄ፦ የጋዝ ሲሊንደር ማስቀመጫው በርም ላይ ቁልፍ ልጨምርበት? በዚያው ጎማም ላድርግለት?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። የሚፈስ ጋዝ ወይም እሳት ሲኖር ማንም ሰው ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ ከፍቶ ጋዙን መዝጋት መቻል አለበት። ፕሮፔን ደግሞ ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳል። ሲፈስ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል፤ ከበሩ በታች ያሉት ቀዳዳዎች የተተዉት ለእሱ መውጫ ነው። በሩን ያለ ቁልፍ በሚሠራ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይዝጉት፤ ሲሊንደሩ እንዳይሰረቅ ከፈለጉ ቫልቩ በነፃ እየተዘጋ ሲሊንደሩን ራሱን የሚያስር ማሰሪያ ያስቡ። ጎማ የሚያስፈልገው ማስቀመጫው ከመኪናው ውስጥ ጋር በሚዋሰንበት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ያ ሙሉ በሙሉ የተደፈነ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ቁልፎቹንና ጎማውን በአንድ ግሪስ መቀባት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከነዳጅ የሚሠራ ግሪስና ዘይት የኢፒዲኤም ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ለጎማው የሲሊኮን ቅባት ይጠቀሙ። የቁልፍ ሲሊንደር ውስጥ ግሪስ ከገባ አቧራ ይዞ ጭቃ ይሆናል፤ እሱ የሚፈልገው የግራፋይት ዱቄት ወይም ደረቅ ቴፍሎን ነው። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፣ አይደባልቋቸው። ለምላሱና ለማጠፊያው ግሪስ ይሆናል፣ ጎማው ላይ እስካልነካ ድረስ።