ቲማቲሙ ቢጫ ሳይሆን ለሚጠወልግብሽ እህት፦ ስለ አፈሩም ስለ ቦርከና ውሃም

ሁለት ነገር ነው የጠየቅሽው። ኮምቦልቻ ዳር ከቦርከና ወንዝ በምታጠጪው ማሳ ላይ ቲማቲሙ ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን በሦስት በአራት ቀን የሚደርቀው ለምንድን ነው? በዚያው ውሃ ያደገውን ሰላጣስ ልጆች ቢበሉት?

ቀን ጠውልጎ ማታ ካገገመ፣ ከዚያ እንደለመለመ ጭራሽ ከወደቀ የባክቴሪያ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው የሚያስጠረጥረው። ሌላ ነገር ከመርጨትሽ በፊት አረጋግጪ። የደረቀውን ሳይሆን ገና መጠውለግ የጀመረውን ተክል ምረጪ። ከአፈሩ ከፍ ብሎ ካለው ግንድ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በንጹህ ቢላ ቁረጪ። በብርጭቆ ንጹህ ውሃ ሙዪና የቁራጩ አፍ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲገባ በክር አንጠልጥዪው። ከኋላ ጠቆር ያለ ጨርቅ አድርጊ፣ ብርጭቆውን አታነቃንቂ። ባክቴሪያ ከሆነ በ5 ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከተቆረጠው አፍ ቁልቁል ይወርዳል። ያ ክር ባክቴሪያው ራሱ ነው፤ ግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያልፍበትን ቧንቧ የደፈነውም እሱ ነው። ስለዚህ ውሃ ብትጨምሪለት ወደ ላይ አይደርስም፤ በሽታውን ለጎረቤቱ ተክል ታደርሺዋለሽ እንጂ። የመዳብ መድኃኒት ብትረጪም ቅጠል ላይ ነው የሚቀረው። ይህን በሽታ የሚያድን ኬሚካል የለም፤ አለ የሚልሽ ካለ ገንዘብሽን አታውጪ።

ክር ካልወረደና የታችኞቹ ቅጠሎች አስቀድመው ቢጫ ከሆኑ ግን ፉዛሪየም የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል።

ክር ከወረደ የታመመውን ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በጆንያ አውጥተሽ ራቅ አድርገሽ ቅበሪ። ቦይ ውስጥ ወይም ኮምፖስት ላይ እንዳትጥዪው። ወደዚያ መደብ የሚሄደውን ውሃ ዝጊ። ኩትኳቶ ሥር ያቆስላል፣ ባክቴሪያውም የሚገባው በቁስል ነው፤ ስለዚህ ቀለል አድርጊው፣ የታመመውንም መደብ በመጨረሻ ኮትኩቺ። መኮትኮቻውን ከጭቃ አጽድተሽ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዪው። በረኪናውን አፈር ላይ የሚያፈስ ሰው አለ፤ እባክሽ አታድርጊው። ደሴ ዙሪያ የባቄላ ሥር ላይ ያሉትን እባጮች ቆርጠሽ ብታዪ ውስጣቸው ሮዝ ነው፤ ናይትሮጅን ለባቄላው የሚያዘጋጁት እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። በረኪና አፈር ላይ ብታፈሺ የዚህ ዓይነቶቹን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ትገድያለሽ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቲማቲም ሲጠፋበት ወደ ቃሪያ ወይም ድንች ሲዞር ነው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፣ ያው በሽታ ይይዛቸዋል። ቢያንስ 3 ዓመት ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎ ወይም ሽንኩርት አፈራርቂ። አውጥና አጠፋሪስ ማሳው ዳር ካሉ ንቀያቸው፤ ባክቴሪያው እነሱ ላይ ይቆያል። የድንች ዘርም ከማታውቂው ማሳ አትግዢ፤ ጤነኛ መስሎ ይዞት ይመጣል።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ቲማቲሙን የገደለው ባክቴሪያ ሰው አያሳምምም። ቦርከና ግን ኮምቦልቻ የሚደርሰው ደሴን አልፎ ነው፤ የከተማ ፍሳሽ የገባበት ውሃ ደግሞ ታይፎይድና ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ይይዛል። ሰላጣ መሬት ላይ ተኝቶ የሚያድግ፣ በጥሬው የሚበላ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ውሃ የሚበስለውን፣ ጎመንና ቆስጣ፣ ብታለሚ ይሻላል። ሰላጣው ካለ ግን ውሃውን በቦይ ስጪው፣ ቅጠሉ ላይ አታፍስሺበት፤ ከመሰብሰብሽ ጥቂት ቀን አስቀድመሽም አቁሚ፣ ፀሐይና ድርቀት ባክቴሪያዎቹን ይቀንሷቸዋል። እርጥብ ፍግም አትጨምሪበት።

ሰላጣውን ለማጠብ ሎሚና ጨው አይበቃም። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለያይተሽ ጭቃውን በንጹህ ውሃ እጠቢ፤ ጭቃ ካለ ክሎሪኑ ይደክማል። ከዚያ ሽቶ የሌለው፣ 5 በመቶ የሚል በረኪና አንድ የሻይ ማንኪያ በ2 ሊትር ተኩል ውሃ በጥብጠሽ 10 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ በሚጠጣ ውሃ አለቅልቂው። የመጠጥ ውሃ የምታፈሉ ደሴ ያላችሁ ደግሞ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት። ከፋብሪካ የሚገባ ኬሚካል ካለ ግን በማፍላትም በበረኪናም አይወጣም።

የብርጭቆውን ፎቶ ከጨርቁ ፊት አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።