ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሜታዶን፣ የሆድ ድርቀትና ጫት

ጥያቄ፦ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። ውጭ አገር ሳለ የሄሮይን ሱስ ይዞት ነበር፤ አሁን በሐኪም ትእዛዝ በቀን 60 ሚሊ ግራም ሜታዶን ይወስዳል። ለ3 ሳምንት እረፍት ድሬዳዋ ከመጣ ወዲህ ላብ ያጠምቀዋል፣ ጠዋት ጠዋት ያንጎላጃል፣ ሰገራ ከወጣው 5 ቀኑ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅማል። መድኃኒቱን ያቁም? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አያቁም። ሜታዶን በድንገት ሲቋረጥ በአንድ ሁለት ቀን ቁርጥማቱ፣ ተቅማጡና እንቅልፍ ማጣቱ ይጀምራል። የከፋው ግን ሰውነቱ መድኃኒቱን የመቻል አቅሙን ቶሎ ማጣቱ ነው። በተከታታይ 3 ቀን ካመለጠው 60ውን እንዳለ አይጀምር፤ አስቀድሞ ለሚያክመው ሐኪም ይደውል።

እንቅልፉ በሳምንታት ውስጥ ይለመዳል፤ ድርቀቱ ግን አይለመድም፤ ሜታዶን አንጀትን ስለሚያዘገይ። ጫቱም ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ ውሃውን በላብ ይጨርስበታል። ማታ ቢሳኮዲል ባለ 5 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ሳይሰበር፣ ያለ ወተት ይዋጥ፤ ጠዋት ይሠራል። ተልባ ብቻውን፣ በቂ ውሃ ሳይጠጣ፣ ይብሱን ያደርቃል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስመለሰው ወይም ፈስ እንኳ እንቢ ካለው ግን ማስቀመጫ መድኃኒት ሳይሰጡት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ይበልጥ የሚያሰጋኝ ጨብሲው ነው። ምርቃና እንቅልፉን ይሸፍነዋል እንጂ ሜታዶኑን ከደሙ አያወጣውም። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ሲጠጣ፣ ወይም ዲያዜፓም ሲውጥ፣ ሁለቱ ተደርበው ትንፋሹን ያዳክማሉ። ሲያንኮራፋ ቀስቅሰውት ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም በደቂቃ ከ10 ጊዜ በታች ከተነፈሰ በጎኑ አስተኝተው ፈጥነው ሆስፒታል ያድርሱት፤ ሜታዶን እንደሚወስድም ይንገሩ። ናሎክሶን (የሜታዶንን ጉልበት የሚሽር መድኃኒት) ተወግቶ ቢነቃ እንኳ ይዘውት አይውጡ፤ የናሎክሶን ጉልበት በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ ሜታዶን ግን ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል።

ድሬ የወባ አገር ናት። ሜታዶን የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ሊያዛባ ይችላል፤ ኮአርተም፣ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ያባብሱታል። ወባ ቢይዘው ሳይታከም አይቅር፤ ነገር ግን ለሚያክመው ይንገርና የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ይነሣ። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የሜታዶኑን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያወርደው ሜታዶን ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም ይቀሰቅስበታል።

ጠርሙሱን ቆልፉበት። ለእሱ የሚስማማው 60 ሚሊ ግራም ላልለመደው አዋቂ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን ጥቂቱም ይበቃል።