መልስ፦ የ10 ሳምንቱ ክትባት ያለፈው የ5 ወር ሕፃን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል ወይ?

አይጀምርም እህቴ። በ6 ሳምንቱ የወሰደው አይቃጠልም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርዱን ይዘሽ ሳትውይ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሁለተኛውን ፔንታ (ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት)፣ የሳምባ ምቹንና የፖሊዮ ጠብታውን አንድ ላይ ይወስዳል፤ 14 ሳምንት ስላለፈው በመርፌ የሚሰጠውንም ፖሊዮ መውሰድ ይችላል። የሮታው (የተቅማጥ መከላከያው) ጠብታ የዕድሜ ገደብ ስላለው ለይተሽ ጠይቂ። ሦስተኛው ዙር ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ሰውነቱ በቂ መከላከያ አያዳብርም።

መዘግየቱ የሚያሳስበው በተለይ በትክትክ ነው። ትክትክ ሕፃናትን የሚገድለው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አንድ ዙር ደግሞ ብቻውን አያስተማምንም።

ጉንፋን ወይም ቀላል ትኩሳት ክትባት አያስቀርም፤ ብዙ እናቶች የሚመለሱት ግን በዚሁ ነው። ከፔንታ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ቢያተኩሰው ጡት ደጋግመሽ አጥቢው። ፓራሲታሞል ካስፈለገ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ የሽሮፑ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ፋርማሲው ያስላልሽ። አስፕሪን በፍጹም አይሰጠው። ቢያንቀጠቅጠው፣ ለመተንፈስ ቢቸገር ወይም አልጠባም ቢል ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰጂው።

የኩፍኙ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። በ9 ወር ከእናት የወረሰው መከላከያ የክትባቱን ኃይል ሊቀንሰው ስለሚችል ሁለተኛው አይቀርም። ለብዙ ልጆች የሚሆነው የኩፍኝ ብልቃጥ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ ስለማይቆይ ብዙ ጤና ኬላዎች የሚከትቡበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ቀኑን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ካርዱ ቢጠፋ እንኳ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይገኛል።