«አንድ ተሕዋስያን» አይባልም

ጥያቄ፦ በላቦራቶሪ እሠራለሁ። በሪፖርቴ «ያልታወቀውን ረቂቅ ተህዋስያን በህዋሱ አወቃቀርና መጠን ለየነው» ብዬ ብጽፍ አለቃዬ «ደቂቅ ዘአካል በል» አሉኝ። የቱ ነው ትክክል? «ህዋስ» እና «ተህዋስያን»ስ ዘመዳሞች ናቸው?

መልስ፦ አለቃዎ ያላዩት ስሕተት ይብሳል። «ያልታወቀውን» ነጠላ፣ «ተሕዋስያን» ብዙ። ጸሓፊ፣ ጸሓፍያን እንደምንል ነጠላው «ተሕዋሲ» ነው፤ እባክዎ በሐመሩ ሐ ይጻፉት። «ተሕዋስያኖች» የሚሉትን «ቃላቶች» ከሚሉት ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። (እኔም ግን «ባክቴሪያዎች» እላለሁ፤ ባክቴሪያ በላቲኑ ራሱ ብዙ ነው፣ ነጠላው ባክቴሪየም። ለባዕድ ቃል ያን ያህል አልጨነቅም።)

ወደ ሥሩ ስንሄድ በግእዝ «ተሐወሰ» ተንቀሳቀሰ፣ ተነቃነቀ ማለት ነው፤ ተሕዋሲ ተንቀሳቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ሌቨንሁክ በውሃ ጠብታ ውስጥ ሲርመሰመሱ ላያቸው ፍጥረታት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም። «ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ እኮ አይንቀሳቀስም» የሚል ተከራካሪ አለ። እውነቱን ነው። ለአንድ ሰነፍ ዘር ብዬ ግን ስሙን አልጥልም።

«ሕዋስ» ያስቸግራል። ጥንት የምናውቀው «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» በሚለው ነው። ስለዚህ ቃሉ ከዐረብኛው «ሐዋስ» ማለትም ከስሜቶች መጣ የሚሉ አሉ። ማስረጃው ወደ እነርሱ ያጋድላል፤ ልቤ ግን ከ«ተሐወሰ» አልላቀቅም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1665 ሮበርት ሁክ በቡሽ ቁራጭ ላይ ያያቸውን ቀዳዳዎች በእንግሊዝኛ «ሴል» አላቸው፣ እኛ ዛሬ ሕዋስ የምንለውን፤ ትንሽ ክፍል ማለቱ ነበር። የሁክ ቃል ባዶ ክፍል ነው፤ የእኛው የሚሰማው፣ የሚነቃ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዋስ የፖለቲካ ፓርቲ ትንሽ ቡድን መጠሪያም ሆኗል፤ ሐኪሙም «ሴል» ማለቱን መርጧል። ምን ይደረግ!

አሁን ወደ አለቃዎ። «ረቂቅ» የመላእክት ቅጽል ነው፤ ለማይዳሰስ፣ ለማይሰፈር። እርስዎ ደግሞ የሚሰፍሩ ሰው ነዎት፦ አስኳል (የሕዋስ እንብርት) የሌለው፣ ርዝመቱ ጥቂት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) የሆነ ካዩ ባክቴሪያ ይላሉ፤ አስኳል ያለው፣ ከአምስት እስከ ዐሥር ማይክሮሜትር የሚሆን፣ ጎኑ ላይ እንቡጥ ያወጣ ከሆነ እርሾ ይጠረጥራሉ። ለሚለካ ነገር «ደቂቅ» ይሻላል፤ አለቃዎ እዚህ ላይ ረትተውኛል። «ዘአካል» ግን ለጆሮዬ ደረቅ ነው። እኔ ብሆን «ደቂቅ ተሕዋሲ» እላለሁ፤ ማንም እንደማይከተለኝ አውቃለሁ፤ ሕዝቡ «ረቂቅ ተሕዋስያን» ብሎ ጨርሷል። «ረቂቅ ተሕዋሲ» ብለው ቢጽፉም አልከስዎትም።

ይልቅ «ለየነው» ያሉትን ይመርምሩት። ከሌሎች ነጥላችሁ አሳደጋችሁት ወይስ ማንነቱን አወቃችሁ? በላቦራቶሪ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ ግሥ ያሸክመናል። «የተሕዋሲውን ዓይነት ለየን» ብለው ይጻፉ።