ማይክሮ አርኤንኤ እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ አራት ዓመት ሠርተሻል። አሁን አዲስ አበባ ማስተርስሽን ጀምረሻል። አማካሪሽ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «ትናንሽ አርኤንኤዎች በሳንባ ካንሰር» የሚል ርዕስ ሰጥቶሻል። ወንድምሽ ደግሞ «ይሄ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው፣ እንጀራ አይሆንሽም» ብሎሻል። «እትዬ፣ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» ትያለሽ።

ግቢበት። ወንድምሽም ግን ዝም ብሎ አልተናገረም።

መጀመሪያ ለእሱ ነገሩን አስረጂው። ሰው ካለው ዲኤንኤ ውስጥ የፕሮቲን መሥሪያ የሆነው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውጭ 22 ፊደል ገደማ የሚረዝሙ ቁራጭ አርኤንኤዎች (ከዲኤንኤ የሚገለበጡ ቅጂዎች) አሉ፤ ማይክሮ አርኤንኤ የምንላቸው። ፕሮቲን አይሠሩም። ሥራቸው ማፈን ነው። የፕሮቲን ትእዛዝ ይዞ በሚሄደው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ይለጠፉና ትእዛዙን ያስቀሩታል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን በ1993 የመጀመሪያዋን ሲገልጹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ያገኟት አንድ ሚሊሜትር በምታህል ትል ውስጥ ነበር። «የትል ጉዳይ ነው» ተብሎ ለዓመታት ብዙም ሰው አልዞረባቸው። በ2024 ኖቤል ተሸለሙ።

ወደ ሳንባ ስንመጣ፣ ከዚያችው ትል የተገኘች ሌት-7 የምትባል ማይክሮ አርኤንኤ አለች። እኛም ውስጥ አለች። በ2004 ጃፓን ውስጥ ለሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ዕጢ ሲመረመር፣ ሌት-7 ያነሰባቸው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የኖሩት አጭር ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ አንዱ ምክንያት ታወቀ። ሌት-7 ራስ የተባለውን ጂን ታፍናለች። ራስ ሴሉን «እደግ፣ ተባዛ» የሚል ነው። አፋኟ ስትቀንስ ልጓሙ ይላላል። (ራስ ሲባል የእኛ የማዕረግ ስም እንዳይመስልሽ። መጀመሪያ የታወቀው አይጥ ላይ ካለ ሳርኮማ ከሚባል ካንሰር ነው፣ ስሙም «ራት ሳርኮማ» ከሚለው እንግሊዝኛ መጣ።) ሚር-21 (ሚር ማለት ማይክሮ አርኤንኤ ነው) ደግሞ በተቃራኒው በዕጢው ውስጥ ትበዛለች፤ የምታፍነውም ዕጢን የሚከላከሉ ጂኖችን ነው።

ወንድምሽ የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው። ይህ ሁሉ ከታወቀ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ሐኪም ለሳንባ ካንሰር በሽተኛ በየቀኑ የሚያዘው የማይክሮ አርኤንኤ ምርመራ ግን እስካሁን የለም። መድኃኒቱም ተሞክሯል። ዕጢን የምትከላከለውን ሚር-34ን አስመስሎ የተሠራ መድኃኒት በ2013 ሰው ላይ መሞከር ጀመረ። በ2016 ከባድ የሰውነት መከላከያ ቀውስ አስከትሎ፣ ሰው ሞቶ፣ ሙከራው ቆመ። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ «የካንሰር መድኃኒት ላገኝ ነው» የምትል ተማሪ ስሰማ ቶሎ አልደሰትም።

እንግዲያው ለምን ግቢበት አልኩሽ? ለእጅሽ ብዬ ነው። ይህ ርዕስ እጅን በደንብ ይፈታል።

የራሴን ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ላብ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ከደም ፕላዝማ ማይክሮ አርኤንኤ ስንለካ የበሽተኞቹ ሚር-451 እና ሚር-16 ሰማይ ነካ። ደስታችን ሌላ ነበር። ማታ ላይ ቱቦዎቹን መስኮት ጋ ወስጄ አየኋቸው። ደህና ፕላዝማ እንደ ቀጭን ጠጅ ቢጫ ነው። የእኛ ግማሹ የቀይ ሥር ውኃ ይመስላል። ደሙ ሄሞላይዝ አድርጓል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሞልተው የሚኖሩ ናቸው። ያገኘነው ካንሰር ሳይሆን የተሰበረ ቀይ ሴል ነበር። የሦስት ወር ሥራ፣ የውድ ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) ብር፣ ሁሉም ሄደ። ቀጭን መርፌ፣ የቸኮለ እጅ፣ ሳይለይ ያደረ ደም። በቃ፣ ያ ነበር ጥፋቱ።

አንቺ ግን አራት ዓመት ደም ቀድተሻል። ባለ አረንጓዴ ክዳኑ የሄፓሪን ቱቦ ፒሲአርን (የዘር ቁስን አባዝቶ የሚለካውን ዘዴ) እንደሚያፍን፣ ሐምራዊው ኢዲቲኤ እንደሚሻል ላንቺ መንገር አያሻም። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚመጣ ልጅ ይህን የሚማረው ናሙና አበላሽቶ ነው። ሲቪሽ ላይ «የደም መቅዳት ልምድ» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ለዚህ ሥራ ዋናው ነው፤ ወደ ላይ አውጪው።

ስለ ናሙናም ልጨምር። ትኩስ የሳንባ ባዮፕሲ (ለምርመራ የተቆረጠ የሳንባ ቁራጭ) አትጠብቂ፤ ብዙ በሽተኛ መጀመሪያ የቲቢ መድኃኒት ተሞክሮበት ነው ዘግይቶ የሚመጣው፣ አንቺም ያለሽ ጊዜ አጭር ነው። የፓቶሎጂ ክፍሉን መደርደሪያ ጠይቂ። የፓራፊን ብሎኮች፣ ማለትም በፎርማሊን ተነክረው በሰም የታሸጉ የዕጢ ቁራጮች፣ አሉ። ረጅሙ አርኤንኤ በፎርማሊን ይቆራረጣል። ባለ 22 ፊደሏ ግን ከመጀመሪያውም አጭር ስለሆነች ብሎክ ውስጥ ለዓመታት ትቆያለች። ያለሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግን አንዲት ብሎክ እንዳትነኪ።

ብር ከጠፋስ? አሜሪካኖች «ካንሰር ጂኖም አትላስ» በሚል ፕሮጀክት ወደ ሺህ የሚጠጉ የሳንባ ዕጢዎችን የማይክሮ አርኤንኤ መጠን ለሁሉም በነፃ ለቀዋል። አር የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ከተማርሽ ላፕቶፕሽ ላይ ትሠሪዋለሽ። አብዛኞቹ ናሙናዎች ከነጭ አሜሪካውያን የተወሰዱ መሆናቸውን ልብ በይ። በእኛ ሰው ናሙና ላይ ያንኑ ጥያቄ መድገም ታዲያ ትንሽ ሥራ አይደለም።

እንጀራውስ? ሪል ታይም ፒሲአር በደንብ የምትሠራ ሰው የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ ላብ ይፈልጋታል። እንደ አርማወር ሀንሰን ያሉ የምርምር ተቋማት ይፈልጓታል። ውጭ ለዶክትሬት ስታመለክቺም መጀመሪያ የምትጠየቂው «በእጅሽ ምን ሠራሽ?» ነው። «ከ30 ብሎክ አርኤንኤ አውጥቼ፣ ጥራቱን ለክቼ፣ በፒሲአር ሠርቼ፣ በአር ተንትኛለሁ» ማለት ከቻልሽ፣ ርዕሱ ሳንባ ይሁን ወባ ብዙም ግድ አይሰጣቸውም።

ከመፈረምሽ በፊት ግን አማካሪሽን ሦስት ነገር ጠይቂው። ብሎኮቹ የት ናቸው፣ ስንት ናቸው? ሪኤጀንቱን ማን ይከፍላል? የወጣው አርኤንኤና ሌላው ናሙና የሚቀመጥበት፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚሠራው ፍሪዘር መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይይዘዋል? መልሱን በቃል ብቻ አትቀበይ፤ «ላየው እችላለሁ?» በይ። ፍሪዘሩን ስትከፍቺ በረዶው ቀልጦ እንደገና የረጋ ከመሰለ፣ ርዕሱን ያዢ፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ናሙና ግን ተዪውና የአትላሱን ዳታ ይዘሽ ጀምሪ።