ከሳጥን ያልወጣው ጋቢና ሌሎች ጥያቄዎች

ከጎጃም አንባቢዎቻችን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ዛሬ ስለ ቤት ዕቃ ማርጀት የሚያወሱትን መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ዕቃውን ምን እንዳበላሸው ሳይለዩ “ይጣል ወይስ ይቀመጥ?” በሚለው ስለሚጨነቁ፣ መልሳችን ከመንስኤው ይነሣል።

ጥያቄ፦ ለእንግዳና ለዓመት በዓል ብዬ በእንጨት ሳጥን ያስቀመጥሁት ጋቢ ብዙም ሳይለበስ መታጠፊያው ላይ ተበጣጠሰ። ብል በልቶት ይሆን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ብል የሚወደው ሱፍን ነው፤ ጥጥን ላብ ወይም የምግብ ቅባት ካልነካው በቀር እምብዛም አይደፍረውም። ጉዳቱ በመታጠፊያው መስመር ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ሲታጠፍ የውጭኛው ድርብ ይወጠራል፤ ለዓመታት በዚያው መስመር ታጥፎ ከቆየ ክሩ እዚያው ላይ ይሰበራል። ለማንጣት የሚጨመረው በረኪናም በደንብ ካልተለቀለቀ በጥጡ ውስጥ ቀርቶ ክሩን ያደክመዋል። ሳጥኑ ራሱ ሳይቀር፣ እንጨት አሲድነት ያለው ትነት ቀስ በቀስ ስለሚያወጣ፣ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋል፤ ያሳሳዋልም። መታጠፊያውን ወደ ብርሃን አቅርበው ቢመለከቱት፣ በእጅ የተፈተለው ለስላሳ ማግ ረግፎ ድሩ ብቻውን ቆሞ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሌሎች ጋቢዎች ካሉዎት በሳሙና ብቻ አጥበው፣ ደጋግመው አለቅልቀው፣ በጥላ አድርቀው፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው ያስቀምጧቸው፤ በየጥቂት ወሩም እያወጡ መታጠፊያቸውን ይለውጡ። እኔን ከጠየቁኝ ግን ይልበሷቸው፤ በደብረ ማርቆስ ብርድ ጋቢን ለእንግዳ ብቻ ማስቀመጥ በራስ ላይ መጨከን ይመስለኛል። የተበጣጠሰው መካከሉ ጤነኛ ከሆነ ለሕፃን መጠቅለያ ይበቃል። ለችግረኛ የሚሰጡት ካለ ደግሞ ገና ብርድ መከላከል የሚችል ሳለ ይስጡት፤ ለሰጪው የማይሆን ብጣሽ ለተቀባዩም አይሆንም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዴ ሽቦ በየጊዜው ይበጠሳል። ላሠራው ወይስ ልጣለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሽቦው በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ላዩ እየተቃጠለ ይሳሳል፤ የሳሳው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ስለሚግል ከዚያው ይበጠሳል። ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ማያያዝ ብዙ አያቆይም፤ ሙሉውን ያስለውጡ። ሸክላው ከፊት እስከ ጀርባ ከተሰነጠቀ ግን ሊጡ ኤሌክትሪክ ወዳለበት ሽቦ ሊወርድ ስለሚችል ለአንድ ቀን እንኳ አይጋግሩበት።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ የገዛነው የቀርከሃ ወንበር ሥር ቢጫ ዱቄት ይረግፋል። (ከዳንግላ)

መልስ፦ ዱቄቱ ቀርከሃውን ከውስጥ የሚቦረቡሩ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ፍርፋሪ ነው። የሚስባቸው በቀርከሃው ውስጥ ያለው ስታርች በመሆኑ፣ በለጋነቱ የተቆረጠ ቶሎ ይበላል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የበሰለ፣ ከተቆረጠም በኋላ ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈ የተሻለ ይበረታል። ሌላ ሲገዙ ሠሪውን ይህን ይጠይቁት። አሁን ያለው ወንበር ዱቄቱ ተጠርጎ በማግሥቱ እንደገና ከተገኘ፣ እግሩም ሲጫኑት የሚሰምጥ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ለማገዶ ያድርጉት፤ ጥግ ላይ ካቆዩት ተባዩ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፉ ዓመት ሞላቸው። ሣጥናቸውን ለመክፈት ሁላችንም አቅም አጣን። በውስጡ ልብሳቸው፣ እንዝርታቸውና የአያታችን የብራና ዳዊት አለ፤ ዳዊቱን ልግዛችሁ የሚል ነጋዴም መጥቷል። (ከሞጣ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሣጥኑን አለመክፈታችሁ ከፍቅር የመጣ መሆኑን እረዳለሁ፤ ነገር ግን ከላይ ጋቢን ያደከመው ነገር በእናታችሁም ልብስ ላይ በዝምታ እየሠራ ነው። በተዝካር የሟችን ልብስ ለነዳያን መስጠት የኖረ ልማዳችን ነው፤ ጊዜው ቢያልፍም መስጠቱ አይቅርባችሁ። አንድ ቀን ቆርጣችሁ ወንድምና እኅት ሁላችሁ ባላችሁበት ክፈቱት፤ ማልቀስ ካለም አብራችሁ አልቅሱ። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ነገር ለመታሰቢያ ውሰዱ፤ እንዝርቱን መፍተል የምታውቅ ብትይዘው ደስ ይለኛል።

ዳዊቱ ግን ከሌላው ተለይቶ ይታይ፤ ለነጋዴው እንዳትሰጡ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የምትቆጣጠሩበት መንገድ አይኖርም። ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩት፤ ማስቀመጥ ካልቻላችሁም ለቤተ ክርስቲያን አደራ ስጡት። ብራና ቆዳ ስለሆነ እርጥበት ያጣምመዋል፣ አይጥም ይቆረጥመዋል። ስለዚህ በማኅደሩ እንዳለ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከምድጃ ጢስ ርቆ ነፋስ በሚያገኝ ክፍል አስቀምጡት፤ የተቀደደ ገጽ ቢኖረውም ፕላስተር አትለጥፉበት።